ስለ ኋለኛው ድምፅ

በሰው ውስጥ ከበጎ ፈቃዱ ጋራ መንታ ሆኖ የሚወለደው ተፃራሪ ኃይል፣ ቍጣም ይሁን ፍትወት፣ ጨርሶ ሊዘጋበት ይገባልን፣ ወይስ መንገዱ ተለውጦ በጎውን ሊያግዝ ይችላልን? ሊቃውንት ከጥንት ጀምረው የተከራከሩበትን ይህን ጥያቄ፣ በአዲስ አበባ አናጢዎችና ባለታክሲዎች በገዛ እጃቸው ለመኪና ከሚሠሩት የድምፅ ማጉያ ሣጥን አንጻር ልመረምረው እወዳለሁ፤ ምሳሌው ዝቅ ያለ መስሎ ቢታይም፣ ጥያቄው በእንጨትና በአየር ተገልጦ የሚታይበት ከዚህ የቀረበ ሥራ አላገኘሁምና።

ራይስና ኬሎግ የተባሉት አሜሪካውያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 የድምፅ ማጉያውን ንድፍ ከገለጡት ጊዜ አንሥቶ፣ በማግኔት መካከል የተሰቀለ የሽቦ ጥምጥም ሾጣጣውን ወረቀት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያመላልሰው ይኖራል። ወረቀቱ ወደ ፊት በተገፋ ጊዜ በፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፣ በጀርባው ያለው ይሳሳል፤ ስለዚህ አንዱ አካል በአንዲት ቅጽበት ሁለት ተቃራኒ ድምፆችን ይወልዳል። ያለ ሣጥን ቢተዉት ኋለኛው ዞሮ ከፊተኛው ጋራ ይገናኝና፣ ቀጭኑ ድምፅ ሲተርፍ፣ ቤዝ የሚባለው ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ኃይል አላነሰውም፤ ራሱ ለራሱ ባላጋራ ስለ ሆነ ብቻ ዲዳ ሆነ።

የመጀመሪያው መድኃኒት መዝጋት ነው። አናጢው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን፣ ኤም ዲ ኤፍ የሚባለውን ጣውላ ቈርጦ በኮላና በብሎን ያጋጥማል፤ የውስጡንም መገጣጠሚያ የመርፌ ቀዳዳ ታህል አየር እንዳታመልጥ በሲሊኮን ይደፍነዋል። ኋለኛው ድምፅ በዚያ በዓት ውስጥ ተከቶ ይቀራል። ነገር ግን ኤድጋር ቪልቸር እ.ኤ.አ. በ1954 በሠራው ሣጥን እንዳሳየው፣ የታፈነው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ወረቀቱን ከልክ እንዳያልፍ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በመጽሐፈ መነኮሳት ውስጥ ማር ይስሐቅ ስለ አርምሞና ስለ ብሕትውና ያስተማረውን ያነበበ ሰው፣ መዘጋት ባዶ መሆን እንዳይደለ፣ የተከለከለው ኃይል ራሱ የሚጠብቅ ኃይል ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይረዳል።

ሁለተኛውን መንገድ የከፈተው የቤል ላቦራቶሪ ሰው የሆነው አልበርት ቱራስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የፈጠራ መብት በተሰጠው ሥራው፣ ሣጥኑን ቀድዶ ኋለኛው ድምፅ በልክ በተበጀ መውጫ እንዲያልፍ አደረገ፤ ዛሬ የእጅ ባለሙያዎቻችን ለዚሁ የፕላስቲክ ቧንቧ ቍራጭ ይከቱበታል። በመውጫው ውስጥ ያለው አየር ክብደት ስላለው ድምፁን ያዘገየዋል፤ በተሰላለትም የድምፅ ከፍታ አካባቢ፣ ባላጋራ ሆኖ የተወለደው ከፊተኛው ጋራ ተስማምቶ ይወጣል፣ ያጐለምሰዋልም። በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ የምንኵስናን ሕግ ነቅፎ ጋብቻን ያመሰገነው ወደዚህ በቀረበ አሳብ ነው፤ ፈጣሪ በባሕርያችን ያኖረውን ማጥፋት የፈጣሪን ጥበብ መንቀፍ ይሆናል ባይ ነውና።

ወደ ሁለተኛው መንገድ አዘነብላለሁ፤ ነገር ግን በፍርሃት ነው። ቀዳዳ ያለው ሣጥን ከተሰላለት ከፍታ በታች የሆነ ድምፅ ሲመጣበት፣ አየሩ በመውጫው ስለሚሸሽ ወረቀቱን የሚመልስ ሞላ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ ያለ ገደብ ይወራጫል፣ አንዳንዴም ይቀደዳል። እንግዲህ መለወጥ ከመዝጋት የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ባሕርይን ስለ መቀበል የሚናገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን ይዘነጋሉ።

ለድምፅ ማጉያው መስፈሪያ ተገኝቶለታል። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው፣ ሪቻርድ ስሞልም በ1970ዎቹ ባስፋፋው ስሌት መሠረት፣ ከዕቃው ጋራ የመጣውን የልኬት ወረቀት ያየ አናጢ ሣጥኑ ስንት ሊትር፣ ቧንቧው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚሆን ገና መጋዙን ሳያነሣ ያውቃል። ሰው ግን ሲወለድ እንዲህ ያለ ወረቀት አልተሰጠውም። አባቶቻችን ለእያንዳንዱ ምእመን የነፍስ አባት ያቆሙለት፣ የነፍስ አባትም የአንዱን ኑዛዜ ሰምቶ ጾም፣ የሌላውን ሰምቶ ስግደት ወይም ምጽዋት የሚያዝዘው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ማን ሊዘጋበት፣ ለማንስ ሊከፈትለት እንደሚገባ የሚለየው ቀርቦ ያደመጠ ነውና። ስለዚህ አንድ ካህን ሊያደምጣቸው ከሚችለው በላይ የንስሐ ልጆች በዝተውበት ባየሁ ጊዜ እጅግ እጨነቃለሁ፤ ያን ጊዜ ቀኖናው ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናልና።