ጅቦቹስ ምን ይብሉ?

በ2017 ዓ.ም. የገና ዕለት ገፈርሳ፣ እህቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ቤቱ ከግድቡ ብዙም አይርቅም። በ1930ዎቹ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራውን የገፈርሳን ግድብ ማለቴ ነው። ሰፈሩ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በቡራዩ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቡራዩም፣ ሰበታም፣ ሱሉልታም ተጠቃለው ሸገር ከተማ ውስጥ ገቡ። ጅቦቹ ግን የአስተዳደር ለውጡን የሰሙ አይመስለኝም። ዛሬም መሸት ሲል እንደ ወትሯቸው ይጮኻሉ። ጅቦቹን ያለ ነገር አላነሳኋቸውም፤ እመለስባቸዋለሁ።

ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ተቆጣጠሩት። ሊያዩ የፈለጉት «ላየን ኪንግ» የተባለውን የዲዝኒ ፊልም ነው። ግን የትኛውን? አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው፣ በእጅ የተሳለው ነው። ሁለተኛው በ2019 በኮምፒዩተር እንደ አዲስ የተሠራው ነው፤ አንበሶቹ ከእውነተኛ አንበሳ አይለዩም። የአባትየውን የልጅነት ታሪክ የሚተርከው ሦስተኛው ደግሞ ያኔ ከወጣ ወር አልሞላውም ነበር።

የአሥራ አምስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ «አዲሱ ይሻላል፣ እውነተኛ አንበሳ ይመስላል» አለች። የአሥር ዓመቱ ወንድሟ «እውነተኛ አንበሳ ፊቱ አይስቅም፣ አያለቅስም። ስለዚህ አዲሱ አያስለቅስም» ሲል መለሰላት። እኔ በልቤ ለልጁ ፈረድኩ። ያ ፊልም ሲወጣ ብዙ ሐያሲዎች የተናገሩት ይህንኑ ነበርና። ቢሆንም ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል፤ የልጅቷም ወገን ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ለእማማ ሲባል አሮጌው ተመረጠ። «አሮጌ ከአሮጌ ይግባባል» ብለው እሳቸው ራሳቸው ቀለዱ።

ላላያችሁት ታሪኩ እንዲህ ነው። አንበሳው ንጉሥ ልጅ ይወለድለታል። ግልገሉን ከፍ ካለ ዓለት ላይ አውጥቶ ፀሐይ የምታርፍበት ምድር ሁሉ አንድ ቀን የእሱ እንደሚሆን ይነግረዋል። ጥላ ያጠላበት ያ ሩቅ ቦታስ? እዚያ ዝር እንዳይል ያስጠነቅቀዋል። እዚያ የሚኖሩት ጅቦች ናቸው። የንጉሡ ወንድም ዙፋኑን ይመኝና ጅቦቹን ከረሃብ እንደሚያወጣቸው ቃል ገብቶ ያሰልፋቸዋል። ንጉሡ በሴራ ይሞታል፤ ግልገሉ ይሰደዳል፤ ጅቦች የገቡበት አገርም ይደርቃል። ግልገሉ አድጎ ይመለስና አጎቱን ያሸንፋል። አጎትየው በጨነቀው ሰዓት ጥፋቱን ሁሉ በጅቦቹ ሲያላክክ እነሱ ሰምተውት ኖሮ ይጨርሱታል። ዝናብ ይዘንባል፣ ምድሩ ይለመልማል፣ ፊልሙ ያልቃል።

ፊልሙ አለቀ፤ የእኛ ግን ያኔ ጀመረ።

እማማ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «የጃንሆይ ነገር እኮ ነው» አሉ። ዕድሜያቸው ዘጠናን ተሻግሯል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ተሰደው በ1933 ዓ.ም. ሲመለሱ እሳቸው ትንሽ ልጅ ነበሩ፤ የዚያን ጊዜውን እልልታ ግን ያስታውሳሉ። ለእማማ ፊልሙ የተሰደደ ባለ አልጋ ወደ አልጋው ስለ መመለሱ ነው። «አገር ባለቤቱ ሲመጣለት ዝናብም ይታረቃል» አሉ።

ጋሼ፣ የእህቴ ባል ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በተማሪነታቸው «መሬት ለአራሹ» እያሉ ከተሰለፉት አንዱ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ተነሱ። «እማማ፣ ባለቤትነቱን ማን ሰጠው? ያ ሁሉ የሜዳ አህያና አጋዘን ለግልገሉ ሲሰግድ አላዩም? ነገ ለሚበላቸው እኮ ነው የሚሰግዱት! ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን በቀለም አሳምረን ለልጆቻችን እያስተማርን ነው።»

እህቴ ተቆጣች። «እባካችሁ፣ ልጆቹን ፖለቲካ አታድርጓቸው።» እሷ ያየችው ሌላ ነው። ግልገሉ አባቱን ራሱ ያስገደለ መስሎት፣ ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ ዓመታት መኖሩ ነው ሆዷን የበላው። «ልጅ በቤት ውስጥ ክፉ ነገር ሲደርስ በእኔ ምክንያት ነው ይላል። ይኼ ፊልም አይደለም፣ እውነት ነው» አለች። እናት ናትና የምታውቀውን ነው የተናገረችው።

አራተኛው ተመልካች በሩ ላይ ነበር። ዘበኛው ነው፣ ከወጨጫ ግርጌ የመጣ ጎልማሳ። ልጁ ለእማማ እያስተረጎመ ሲያሳያቸው እሱም በሩን ተደግፎ ይሰማ ነበር። ፊልሙ መሃል ላይ፣ ንጉሡ ጅቦቹን ከግዛቱ ሲያባርር፣ ጮክ ብሎ «እና ጅቦቹስ ምን ይብሉ?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም «ዝም ብለህ እይ እንጂ፣ ፊልም ነው» አልኩት። እሱም ዝም ብሎ አየ።

ክርክሩ ደከም ሲል ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ለዘቤ ለምን አልመለስክለትም?» አለኝ። ማምለጫ አልነበረኝም። ዘበኛውን ጠርቼ «እስኪ ምን ልትል ነበር?» አልኩት። መጀመሪያ አፈረ። ከዚያ «ወራቤሳ አህያዬን በልቶብኛል፣ ጋሼ» አለ። «ያለፈው ዓቢይ ጾም ነው። ቢያገኘኝ እኔንም አይምርም፣ ባገኘው አልምረውም። ግን ርቦት ነው እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም። እዚያ ፊልም ላይ ትበላላችሁ ያላቸው ያ ክፉው ብቻ ነው። ደጉ ንጉሥ ሂዱ ነው ያላቸው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን ፊልም ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ለጅቦቹ ተስፋ የሰጣቸው ክፉው ብቻ መሆኑን ግን አንድም ቀን ልብ ብዬ አላውቅም።

ቤቴ ስመለስ ነገሩ አልለቀቀኝም፤ አነባበብኩ። ለካ ዘበኛው ብቻውን አይደለም። ፊልሙ ሲዘጋጅ የዲዝኒ ሰዓሊዎች በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ተመራማሪዎች የሚያሳድጓቸውን ጅቦች እያዩ ሥለዋል። ተመራማሪዎቹ ጅቦቹ ከክፉ ይልቅ አስቂኝ ሆነው ቢቀርቡ እንደሚመርጡ ነግረዋቸው ነበር። ሃንስ ክሩክ የተባለው ሆላንዳዊ ደግሞ ከዚያ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በታንዛንያ የንጎሮንጎሮ ጅቦችን ሌሊት ተከትሎ አጥንቷል። ጅቦቹ ራሳቸው እንደሚያድኑ፣ ጠዋት ከግዳዩ ላይ የምናየው አንበሳም ብዙ ጊዜ ከእነሱ የነጠቀ መሆኑን አሳይቷል። የዘበኛውም አህያ ዓቢይ ጾም ላይ መበላቷ አጋጣሚ ላይሆን ይችላል። በትግራይ የጅብ ኩስ ሰብስበው የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ ሰው ሥጋ በሚተውበትና የሥጋ ትርፍራፊ በሚጠፋበት በዓቢይ ጾም ጅቦቹ ወደ አህያ እንደሚዞሩ እ.ኤ.አ. በ2012 ጽፈዋል።

የስሙ ነገርም አለ። የጅቦቹ አለቃ «ሸንዚ» ትባላለች። በስዋሂሊ «ያልሠለጠነ፣ አረመኔ» ማለት ነው፤ የጠረፉ ሰው የመሃል አገሩን ሰው ሲንቅ የሚጠቀምበት ቃል ነበር። ልዑሉ «ሲምባ» ነው፣ አንበሳ ማለት። አንዱ ስሙ ማንነቱ ሆነለት፤ ሌላዋ ስሟ ስድብ ሆነባት። አሜሪካም ውስጥ ፊልሙ እንደወጣ፣ የጅቦቹ አነጋገር የከተማ ድሃ ጥቁሮችንና የላቲን ዘሮችን እንዲመስል ተደርጓል ብለው ቅር የተሰኙ ነበሩ። ክፉው አጎት ጎፈሩ ጥቁር መሆኑንም ያነሱ አሉ። እኛማ ይህን ማንሳት የሚገባን ከሁሉ በፊት ነበር። በስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ያሳደግናቸው አንበሶች የታወቁት በጥቁር ጎፈራቸው ነውና! እኔ ልጅ ሆኜ እነዚያን አንበሶች አይቼ አድጌ፣ ፊልሙን ሳይ ግን ጥቁሩን ጎፈር እንደ ክፋት ምልክት ሳላመነታ ተቀበልኩት።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። አንድ ፊልም አይተን አምስታችንም የተለያየ ነገር ካየን ትክክሉ ማነው? እኛ አገር ለዚህ የተዘጋጀች መልስ አለች፤ «እንደየአመለካከቱ ነው» እንላለን። ጨዋ ትመስላለች። ግን ብዙ ጊዜ ወሬውን የምንዘጋባት ናት። አንተም ትክክል፣ እሱም ትክክል፤ ስለዚህ ማንም ማንንም መስማት አያስፈልገውም ማለት ነው።

እኔ የአስተያየት ልዩነት ሁለት ዓይነት ይመስለኛል። አሮጌው ይሻላል ወይስ አዲሱ የሚለው አንዱ ነው። ይህ እንደ ዶሮ ወጥና እንደ ክትፎ ምርጫ ነው፤ ዳኛ አይፈልግም። ሌላው ግን አንዱ ያየውን ሌላው ጭራሽ ሳያየው ሲቀር የሚመጣው ልዩነት ነው። እማማ ስደተኛውን አዩ። ጋሼ ሰጋጁን አዩ። እህቴ በማይገባው ጥፋት የሚሰቃየውን ልጅ አየች። ዘበኛው የተራበውን አየ። እነዚህ እርስ በርስ አይሻሩም፤ አራቱም ፊልሙ ውስጥ አሉ። የሚሻረው «ፊልም ነው፣ ዝም ብለህ እይ» የሚለው ነው። ያ ደግሞ የእኔ ነበር።

ጋሼ በኋላ ሞገቱኝ፤ መልካም አድርገው ነው። «እኔም ለተራበ ስሟገት ነው የኖርኩት» አሉኝ። «ግን ጅቦቹ ሥልጣን ሲይዙ አገሩ ምን ሆነ? ደረቀ! የተበደለ ሁሉ ደግ አይደለም። ይህን በዕድሜዬ አይቻለሁ።» እውነታቸውን ነው። ርሃብ ጽድቅ አይደለም፤ ዘበኛውም ጅቡን እንደማይምረው ተናግሯል። ጥያቄው ግን ጅቡ ጻድቅ ነው ወይ አይደለም። ጥያቄው፣ ፀሐይ የምታርፍበትን ምድር ለልጁ ያስረከበ ደግ አባት፣ ጥላው ውስጥ ስላሉት «አትሂድ» ከማለት ሌላ የሚለው አጥቶ ነው ወይ ነው። ደጉ ዝም ያለበትን ቦታ ክፉው ይናገርበታል። አገሩን ያደረቀው ጅቦቹ መግባታቸው ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ማንም እነሱን አለመቁጠሩም ነው። ለልጅ ፊልም ስናሳይ ይህን ሁሉ እንስበክለት አላልኩም፤ እህቴ ትቆጣለች። ልጁ ወይም ዘበኛው ሲጠይቅ ግን አንሳቅ።

ያን ዕለት እዚያው አደርኩ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ከግድቡ ማዶ ጅብ ጮኸ። ልጁ አጠገቤ ነበር የተኛው፤ ነቅቶ ኖሯል። «አጎቴ፣ ርቦት ነው የሚጮኸው?» አለኝ።

«ጠዋት ዘቤን እንጠይቀዋለን» አልኩት።

ጠየቅነውም። ይህን ጊዜ ግን በሩ ላይ ቆሞ አልነበረም፤ ልጁ ወንበር ስቦለት ነበር።