በማሽኑና በባለቤቱ መካከል የቆመ አስተርጓሚ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ተረቱ። ከቤት ዕቃዎች ሁሉ ይህን ምክር አክብሮ የሚኖረው ኮምፒዩተር ሳይሆን አይቀርም። ሲታመም አይደብቅም፤ ይጮኻል፣ መብራቱን ያብለጨልጫል፣ ሰዓቱን ያዛባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ራሱን ያጠፋል። ችግሩ ቋንቋው ነው። ሕመሙን የሚናገርበትን ቋንቋ ባለቤቱ አያውቀውም። በዚህም ምክንያት በታማሚውና በባለቤቱ መካከል አንድ ሦስተኛ ሰው ይቆማል። ይህ ሰው በሙያው ጠጋኝ ይባል እንጂ በተግባሩ አስተርጓሚ ነው። የአስተርጓሚ ፈተና ደግሞ ከጥንት ጀምሮ አልተለወጠም፤ ቃሉን የሚያምነው ሰው ቃሉን መመርመር የማይችል ሰው ነው።

በኡጋንዳ መዲና በካምፓላ ይህ ሦስተኛ ሰው ከስዋሂሊ በተወሰደ ቃል «ፈንዲ» ይባላል። ግንበኛውም፣ ልብስ ሰፊውም፣ መካኒኩም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ከተማይቱ ለእጅ ሙያ ባዕድ አይደለችም። ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ ስመ ጥር የሆነው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በ1922 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት አናጢነትን፣ ግንባታንና መካኒክነትን የሚያስተምር የሙያ ትምህርት ቤት ነበር። የካትዌ ሰፈርም እስከ ዛሬ ብረት ቀጥቅጠውና በይደው ኑሯቸውን በሚገፉ ባለ እጆቹ ይታወቃል። ኮምፒዩተር ጠጋኙ የዚህ ረጅም ሐረግ የቅርብ ዘመን ልጅ ነው።

የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በሚገኙበት በካባላጋላ ሰፈር የምትኖር አንዲት እናት በምሳሌነት ትታሰብ። እንጀራ እየጋገረች ልጆቿን ታሳድጋለች። በቤቷ ጥግ የተቀመጠው አሮጌ ኮምፒዩተር የልጆቿን የትምህርት ሥራ ብቻ ሳይሆን የክርስትናና የሠርግ ፎቶግራፎችን፣ አገር ቤት ሳለች ያረፉትን አባቷን የመጨረሻ ምስል ጭምር ይዟል። አንድ ጠዋት ማብሪያው ሲጫን ማራገቢያው ይሽከረከራል፤ ስክሪኑ ግን እንደ ጨለመ ይቀራል። ከሣጥኑ ውስጥ የማያባራ ጩኸት ይሰማል። እናቲቱ ዕቃውን በቦዳ ቦዳ አስጭና ወደ ፈንዲው ትሄዳለች። የምታውቀው ሉጋንዳ ለገበያ የሚበቃ ነው፤ እንግሊዝኛዋም ከዚያ እምብዛም አይሻልም። እንግዲህ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ትርጉም ሊከናወን ነው፤ መጀመሪያ ከማሽኑ ወደ ፈንዲው፣ ቀጥሎም ከፈንዲው ወደ እርሷ።

የመጀመሪያው ትርጉም እንደሚፈራው አስቸጋሪ አይደለም። ሕጉ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ ነው። በቅድሚያ ሶኬቱና ማከፋፈያው ይፈተሻሉ። የስክሪኑ የራሱ መብራት በርቶ ምስል ብቻ ከጠፋ፣ ከሣጥኑ ጋር የሚያገናኘው ገመድ አለመላላቱ ይታያል። ቀጥሎ ጩኸቱ ይደመጣል። ኮምፒዩተር በተነሣ ቁጥር ራሱን ይመረምራል፤ ያገኘውንም ጉድለት በጩኸት ይናገራል። የጩኸቱ ቁጥርና ርዝመት እንደ አምራቹ ቢለያይም፣ ሳያቋርጥ የሚደጋገም ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሜሞሪው ይጠቁማል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ይነቀላል፣ ሣጥኑ ይከፈታል፣ በሰውነት ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ እጅ የሣጥኑን ብረት ይነካል። ሜሞሪው ከመሰኪያው ወጥቶ ወርቃማ ጥርሶቹ በንጹሕ ላጲስ ይታሻሉ፤ ብናኙ ተራግፎም ቀጭ እስኪል ድረስ ተመልሶ ይሰካል። ሜሞሪዎቹ ሁለት ከሆኑ በየተራ ተሰክተው ጥፋተኛው ይለያል።

ሌሎቹም ምልክቶች የየራሳቸው ፍቺ አላቸው። ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል የ3 ቮልት ባትሪ ደክማለች ማለት ነው። ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ማራገቢያው በአቧራ መታፈኑ ይጠረጠራል፤ የካምፓላን ቀይ አቧራ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን መነካካቱ ቀርቶ በውስጡ ያለው ሰነድ ሳይውል ሳያድር ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ አለበት። የፓወር ሰፕላዩ ሣጥን ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ያልሠለጠነ እጅ ሊከፍተው አይገባም።

በዚህ ምሳሌ ላጲሱ በቂ ሆኖ ተገኘ እንበል። ሥራው ዐሥር ደቂቃ ፈጀ። ፈንዲው ስክሪኑን ከማብራቱ በፊት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በአእምሮው ይመላለሳሉ። አንደኛው «ማማ፣ ሜሞሪው ላልቶ ነበር፤ አጽድቼ መልሼዋለሁ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ማማ፣ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ መለወጥ አለበት» ይላል። የመጀመሪያው የአንድ ምሳ ዋጋ ያስገኛል፤ ሁለተኛው የአንድ ወር የቤት ኪራይ። እናቲቱ ሁለቱንም እኩል ታምናለች። እንግዲህ ፈንዲውን እውነቱን እንዲናገር የሚያስገድደው ምንድን ነው?

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ይህን የመሰለ ጉዳይ አንሥቶ ነበር። ምሳሌው አንድ ባለ ሱቅ ነው። ባለ ሱቁ ልምድ የሌለውን ገዢ አያታልልም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ እንደ ማንኛውም ሰው በአንድ ዋጋ ከእርሱ ይገዛል። ካንት ግን ይህ ብቻውን የባለ ሱቁን ጨዋነት አያስመሰክርም ይላል፤ ምክንያቱም ሐቀኝነቱ ግዴታውን ከማክበር ሳይሆን ደንበኛ እንዳይሸሸው ከመሥጋት ሊመነጭ ይችላል። የፈንዲው ፈተና ከዚህም ይብሳል። የስኳር ዋጋ ጎረቤት ተጠይቆ ይታወቃል፤ ሚዛኑም በዓይን ይታያል። ፈንዲው የሚሸጠው ግን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ስለሆነው ነገር የሚሰጠውን ቃል ነው። ቢዋሽ ደንበኛው አይሸሽም፤ እንዲያውም አመስግኖ ይሄዳል። ስለዚህ እውነቱን የተናገረ ፈንዲ ከካንት ባለ ሱቅ ይልቅ ንጹሕ ማስረጃ ነው፤ ከሕሊናው በቀር አንዳች አስገዳጅ አልነበረውምና።

ይሁን እንጂ ሸክሙን ሁሉ በፈንዲው ጫንቃ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይደለም። እውነቱን ሲሰማ ባለቤቱ የሚመልሰው መልስ ብዙ ጊዜ «ለላጲስ ነው ይህን ያህል የምትጠይቀኝ?» የሚል ነው። ሰው ለተለወጠ ዕቃ በደስታ ይከፍላል፤ ለዕውቀት ሲከፍል ግን እንደ ተዘረፈ ይቆጥረዋል። ላጲሱን ማንም ይገዛዋል፤ የት እንደሚታሽ ለማወቅ ግን ዓመታት ፈጅተዋል። የድካሙን ዋጋ በግልጽ እንዳይጠይቅ የተከለከለ ባለሙያ፣ ዋጋውን ባልተቃጠለ ማዘርቦርድ ውስጥ ደብቆ ለመጠየቅ ይፈተናል። ውሸቱን የሚናገረው እርሱ ቢሆንም ያረቀቁት ሁለቱም ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ተሟጋች ሊነሣ ይችላል። «እንግዲያው የሚገባውን ያህል ብቻ እስከወሰደ ድረስ ምክንያቱን ቢቀይረው ማን ይጎዳል? እናቲቱ ኮምፒዩተሯን አገኘች፤ እርሱም ደመወዙን» ይላል። ክርክሩ ሲሰሙት ይጥማል፤ ሲመረምሩት ግን ሦስት ተጎጂዎች አሉበት። የመጀመሪያዋ እናቲቱ ናት። ገንዘቧ ባይጎድልባት እንኳ ማሽኗ የተናገረው ነገር ተጣሞ ደርሷታል። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ጩኸት ሲሰማ በላጲስ የሚድነውን ዕቃ «ዳግመኛ ተቃጠለ» ብላ ትጥለዋለች። ሁለተኛው ተጎጂ እውነተኛው ጎረቤት ፈንዲ ነው። «አቧራ ነው» የሚለው ሰው «ማዘርቦርድ ነው» ከሚለው አጠገብ ሲቆም ያነሰ አዋቂ ይመስላል። ሦስተኛው ገበያው ራሱ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ እንዳሳየው፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ መልካሙን እያስወጣ ይሄዳል። አከርሎፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራው በዚሁ መስክ ባበረከተው ሥራ ነው። በመኪና የሆነው በቃልም ይሆናል፤ ሐሰተኛ ትርጉም ሲበዛ እውነተኛውን የሚገዛው ይጠፋል።

አንባቢ ግን «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ሐሰት ነው ብሎ እንዳይደመድም ያሻል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በዓለም ዙሪያ የብዙ ኮምፒዩተሮች ማዘርቦርድ ያለ ዕድሜው ሞቷል። በላያቸው የሚገኙት ካፓሲተር የሚባሉ ትናንሽ በርሜል መሳይ ክፍሎች ውስጣቸው በተሞላው ፈሳሽ ጉድለት የተነሣ አብጠውና አፍስሰው ነበር። በካምፓላም በ2005 እና በ2006 እ.ኤ.አ. የቪክቶሪያ ሐይቅ መጠን ሲቀንስ ከግድቡ የሚገኘው ኃይል አንሶ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር፤ ሄዶ በሚመለስ መብራት የሚዋዥቅ ኃይል ደግሞ የኮምፒዩተር ጠላት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ያው ዓረፍተ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። እውነቱን ከሐሰቱ የሚለየው ታዲያ ቃሉ አይደለም፤ ማሳየቱ ነው። ያበጠ ካፓሲተር ጫፉ ቆብ እንደ ደፋ ጎብጦ በዓይን ይታያል። እውነተኛ አስተርጓሚ ከትርጉሙ አጠገብ ዋናውን ጽሑፍ ለማስቀመጥ አይፈራም።

የአስተርጓሚነት ሌላው ግዴታ ምሥጢር መጠበቅ ነው። ሣጥኑ ሲከፈት የሚገለጠው ሽቦና ብረት ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብ ገመናም ነው። በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት ላፕቶፖችን ለጥገና ልከው በውስጣቸው የተከናወነውን በኅቡእ መዝግበው ነበር። በስድስት ቦታዎች ጠጋኞች ለጥገናው የማያስፈልጉ የግል ሰነዶችን ሲመለከቱ፣ በሁለቱ ደግሞ ገልብጠው ሲወስዱ ተገኝተዋል። ኡጋንዳ በ2019 እ.ኤ.አ. የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥታለች። ሆኖም ሕግ ከፈንዲው ጠረጴዛ ጀርባ ቆሞ አያድርም። የአባቷን የመጨረሻ ምስል በአደራ የሰጠችው እናት የምትተማመነው በሕጉ አንቀጽ ላይ ሳይሆን በሰውዬው ላይ ነው።

ይህ አደራ ከአንድ ቤት ያለፈ ትርጉምም አለው። ኡጋንዳ በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣ የፋይናንስ ሕግ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች፣ ቴሌቪዥኖችና ማቀዝቀዣዎች እንዳይገቡ ስትደነግግ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ወገን አገሪቱ የሌሎች ቆሻሻ መጣያ እንዳትሆን ሠጋ፤ ሌላው ደሃው ኮምፒዩተር የሚያገኘው በዚያው በአሮጌው በኩል መሆኑን አመለከተ። ሁለቱም ሥጋቶች መልስ የሚያገኙት በከፊል በፈንዲው ምላስ ላይ ነው። እርሱ እውነቱን ሲናገር አሮጌው ዕቃ ለዓመታት ያገለግላል፤ ሲዋሽ ደኅናው ዕቃ ያለ ቀኑ ወደ ቆሻሻ ክምር ይወርዳል፤ በውስጡ ያለው እርሳስም አብሮት ወደ አፈር ይገባል።

እንግዲህ ማን ምን ይጠበቅበታል? ፈንዲው ያገኘውን ደንበኛው በሚገባው ቃል መናገር፣ የለወጠውን አሮጌ ክፍል በባለቤቱ እጅ ማስረከብ፣ ያልደረሰበትንም «አላወቅሁትም» ማለት ይጠበቅበታል። ከሦስቱ የመጨረሻው ሳይከብደው አይቀርም፤ «አላውቅም» የሚል አስተርጓሚ ሥራ የሚያጣ ይመስለዋልና። ባለቤቱም ግዴታ አለበት። ገመዱንና ሶኬቱን አይቶ መምጣት፣ የፎቶግራፎቹን ቅጂ ሌላ ቦታ ማኖር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምርመራን ዋጋ እንደ ምርመራ ዋጋ ሳያጉረመርሙ መክፈል የእርሱ ድርሻ ነው። «ምንም አልተቃጠለም» የሚለው ቃል የምሥራች ነው፤ የምሥራች ነጋሪም ባዶ እጁን አይሸኝም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። በፈንዲው ጠረጴዛ ላይ ግን እውነት አድሮ ብቻውን አይጠራም፤ ሣጥኑ ከተዘጋ በውስጡ ተዘግቶበት ይቀራል። ለዚህ ነው ከካባላጋላ የመጣችው እናት ከገበያ ሉጋንዳዋ ላይ አንዲት ቃል ብትጨምር የሚበጃት። ቃሏ «ንዳጋ» ናት፤ አሳየኝ ማለት ነው። ሐቀኛው ፈንዲ ይህን ሲሰማ አይቆጣም። ሣጥኑን ወደ ብርሃኑ አዙሮ፣ ሜሞሪውን አውጥቶ፣ በላጲሱ ላይ የቀረውን ጥቁር ምልክት ያሳያታል። ለድካሙም ዋጋውን ይነግራታል፤ እርሷም ዋጋውን ትከፍለዋለች።