የጠላው ሒሳብ

በአንድ የጤፍ አገር መሬታቸው ሰፊ፣ ጎተራቸው የማይነጥፍ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። በየዓመቱ ኅዳር ሲጋመስ ሠላሳ ያህል አጫጆች ይቀጥራሉ። ምንዳው የታወቀ ነው፤ በቀን ለአንድ ማጭድ አንድ ቁና ጤፍ። ይህ በሰው ፊት የሚነገር ውል ነው። ውሉ ላይ የማይነሳ፣ ግን ሁሉም የሚያውቀው ሌላ ነገር ደግሞ ነበረ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚቀርበው ጠላ።

ጠላው የዋዛ ጠላ አልነበረም። እሜቴ ጥቅምት ሳይወጣ ብቅሉን ያስበቅላሉ፣ ጌሾውን ያስወቅጣሉ፣ ጋኖቹን በግራዋ አሳጥበው በወይራ ያሳጥናሉ። ለዚሁ ብቻ ሦስት ጠማቂዎች ከጎረቤት መንደር መጥተው አጨዳው እስኪያልቅ ይከርማሉ። ማታ ማታ አጫጁ ዳሱ ውስጥ ተደርድሮ ዋንጫው መዞር ሲጀምር አውራጁ ግጥሙን ይጥላል፣ ተቀባዩ ያነሳል። ባለመሬቱም በርጩማቸውን አስመጥተው ከመካከል ይቀመጡና የዚህን የታመመች ሚስት፣ የዚያን የጠፋ በሬ ይጠይቃሉ። የትኛው ማሳ ቀድሞ እንደደረሰ፣ የትኛው በሬ እንደሚያነክስ፣ የቱ ጎረቤት ድንበር እየገፋ እንደሆነ የሚሰሙት እዚያው ዳስ ውስጥ ነው።

አንድ ክረምት ተምች ወረደና የአዝመራውን ግማሽ ፈጀው። ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ተረቱን አዛባዋለሁ። በዚያው ሰሞን ከተማ ግምጃ ቤት በጸሐፊነት የሚሠራው አማቻቸው ሊጠይቃቸው መጣ። ደብተር ይዟል፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል።

«አባቴ፣» አለ፣ «ይህ ጠላ ውሉ ላይ አለ?»

«የለም። ልማድ ነው።»

«ልማዱ ስንት ያወጣል?»

ሽማግሌው ዝም አሉ። ጠይቀው አያውቁም። አማቹ ግን ጓዳ ገብቶ እሜቴን እየጠየቀ ሲጽፍ ዋለና ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ አነበበላቸው፤ ገብስ አምስት ዳውላ፣ ጌሾ ሁለት ጭነት፣ የወር ማገዶ፣ የሦስት ሴት ምንዳና ቀለብ። ሽማግሌው ራሳቸውን ያዙ። ሒሳቡ ልክ ነበር። የሳተው አንድ ቁጥር እንኳ አልነበረም።

በአንድ ጊዜ አልቆረጡትም። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ጊዜ አይቆረጥም። በመጀመሪያው ሳምንት ጠላው ቀጠነ። በሁለተኛው ጭራሽ ቅራሪ ሆነ፤ አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮበት ለልጆች የሚሰጠው ያ ቅራሪ። በሦስተኛው ዳሱ በር ላይ ዋንጫ የሚቆጥር ልጅ ቆመ፤ ለአንድ ሰው አንድ ዋንጫ። አጫጆቹ እየተያዩ ጠጡ እንጂ ማንም ምንም አልተነፈሰም። በአራተኛው ሳምንት አማቹ ድንጋይ ላይ ወጣና ተናገረ።

«ዘመኑ ከብዷል። እኛ አንድ ቤተሰብ ነን፤ ቤተሰብ ደግሞ ክፉ ቀንን አብሮ ይችላል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ጠላ ቀርቷል። ምንዳችሁ ግን እንደ ውሉ ነው፤ አንዲት ፍሬ አትጎድልባችሁም።»

ከአጫጆቹ መካከል ጠላ የማይጠጣ አንድ ጎረምሳ ነበር። በየዓመቱ ሌላው ዋንጫ ሲያዞር እሱ ውሃውን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። የተናገረው እሱ ነው።

«ጌታው፣ የቀረው ጠላ ምንዳው ላይ ይጨመራል?»

አማቹ ደብተሩን ገለጠ፣ መልሶ ዘጋ። «እሱን ሌላ ጊዜ እናየዋለን» አለና ከድንጋዩ ወረደ።

ሳምንቱ ሳያልቅ የባለመሬቱ በቅሎ አዲስ ግላስ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ታሰረች። ቀብዱ የተከፈለው ተምቹ ሳይመጣ ነው አሉ፤ እውነት ሊሆን ይችላል። አጫጆቹ ግን ቀብዱ ሲከፈል አላዩም፤ ያዩት ግላሱን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አመፅ ሊለው አይችልም። ሥራ ያቆመ የለም። ፀሐይ ስትወጣ ማጭድ ያዙ፣ ስትጠልቅ አስቀመጡ። ዘፈኑ ቀረ። ድሮ ሰው ወደ ዳሱ ሲመለስ መንገድ ላይ የወደቀ ነዶ ካየ አንስቶ ክምሩ ላይ ጣል አድርጎ ያልፍ ነበር፤ አሁን ተሻግሮት ይሄዳል። ከብት ማሳ ሲገባ እያዩ የሚያባርር ጠፋ። እረኛው ሌላ ነው፣ የእነሱ ውል ማጨድ ነው። አንዳንዱም «ጠላዬን ነው» እያለ ከዛላው አሽቶ እፍኝ ጤፍ በጋቢው ጫፍ ይቋጥር ጀመር። አማቹ ይህን ሲሰማ ፈታሽ ቀጠረ። ፈታሹም ቀለብና ምንዳ አለው፤ የእሱ ወጪ ግን በሌላ ገጽ ተጻፈ።

ሦስቱ ጠማቂዎች ጋኖቹን አጥበው፣ ደፍተው ወደ መንደራቸው ሄዱ። ስለ እነሱ ድንጋዩ ላይ የተነገረ ነገር የለም።

ታኅሣሥ ላይ፣ ዝናብ በማይጠበቅበት ወር፣ አንድ ሌሊት በስተምዕራብ ደመና ተቆለለ። ብዙው ማሳ ታጭዶ ነዶው ገና መሬት ላይ ተጋድሟል። ጤፍ በነዶው ሳለ ዝናብ ከመታው ወይ ይጠቁራል ወይ እዚያው ይበቅላል። በቀደሙት ዓመታት እንዲህ ያለ ደመና ሲመጣ ቀስቃሽ አያስፈልግም ነበር፤ አጫጁ ሞቅታው ሳይለቀው ተነስቶ፣ እየዘፈነ፣ ነዶውን ተሸክሞ ይከምረዋል። ለዚያ ሌሊት ምንዳ ተጠይቆም ተሰጥቶም አያውቅም። በአማቹ ደብተር ላይ ያልሰፈረውም ለዚሁ ነው፤ ተከፍሎበት የማያውቅ ነገር ወጪ አይባል።

ነጎድጓዱ ሲያጉረመርም ሽማግሌው ራሳቸው ኩራዝ ይዘው ወደ ዳሱ ሮጡ። አጫጆቹ ነቅተው ተቀምጠዋል።

«ልጆቼ፣ ተነሱ እንጂ! ሰማዩን አታዩም?»

በዕድሜ ትልቁ አጫጅ ብድግ ብሎ እጅ ነሳ።

«እናያለን ጌታዬ። የሌሊቱ ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«ምንዳው። ውላችን የቀን ነው።»

ሽማግሌው ቃል ጠፋቸው። አማቹ ከኋላ ደርሶ «ግማሽ ቁና!» አለ። ትልቁ አጫጅ በትሕትና «ሌሊትና ዝናብ ነው ጌታው፤ ሁለት ይሁን» አለ። አማቹ አንድ አለ። አንድ ተኩል ተባለ። ሠላሳ ሰው እጁን አጣጥፎ ድርድሩን ያዳምጣል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የዳሱን ክዳን ሲመቱት ሁለት ቁና ጸደቀ፣ ሰዉም ተነሳ። ሠሩ፤ እንደ ውላቸውም በሚገባ ሠሩ። ግን ድርድሩ በፈጀው ጊዜ ዝናቡ ቀድሟቸው የነዶው እኩሌታ ራሰ።

ሲነጋ አማቹ ሠላሳውን ሰው በሁለት አባዝቶ ጻፈ፤ ለአንድ ሌሊት ስልሳ ቁና ጤፍ። የጠፋውንም ሊጽፍ ፈለገና የትኛው ገጽ ላይ እንደሚገባ ግራ ገባው።

በማግስቱ ዓመት ጠላው ተመለሰ። ሽማግሌው ራሳቸው አዘዙ። ሦስቱ ጠማቂዎች ተጠርተው ሁለቱ መጡ። ጠላው እንደ ድሮው ነበር፤ አጫጆቹ ጠጡ፣ «ጎተራዎ አይጉደል» ብለው መረቁ፣ ምርቃቱም ከልብ ነበር። ደመና የመጣ ሌሊት ግን ትልቁ አጫጅ እንደገና ብድግ ብሎ እጅ ነሳ።

«የሌሊቱ እንደ አምናው ነው ጌታዬ?»

ተረቱ እዚህ ያልቃል።

ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም፣ አማቹም ሌባ አይደለም። ጠላው ስጦታ መስሏቸው ነበር፤ ጠላው ውስጥ ግን የሌሊቱ ክመራ፣ የወደቀው ነዶና የተባረረው ከብት አብረው ተጠምቀዋል። ባለቤቱ የራሱን ወገን ሲያሰላ አጫጁም የራሱን ማስላት ጀመረ። ይህ ደግሞ በጤፍ አገር ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ግዙፉ የኮምፒውተር ቺፕ አምራች ኢንቴል በ2024 እ.ኤ.አ. 15,000 ያህል ሠራተኞች እንደሚቀንስና 10 ቢሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚቆጥብ አስታወቀ። በቁጠባው ወቅት በየቢሮው በነጻ የሚቀዳው ቡናና ሻይ፣ ፍራፍሬውም ጭምር፣ ቀረ። ኖቬምበር ላይ ቡናና ሻዩ ተመለሰ፤ ኩባንያው ትንንሽ ምቾቶች በሠራተኛው የዕለት ውሎ ትልቅ ቦታ እንዳላቸው ገለጸ። ፍራፍሬው አልተመለሰም። ከ10 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ የቡና ሲኒው ድርሻ ምን ያህል እንደሚሆን ለመገመት ግምጃ ቤት መሥራት አያስፈልግም።

አንዴ የተተመነ ነገር ወደ ቀድሞው አለመመለሱን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሲሆን ሙከራው የተደረገው በእስራኤል፣ ሃይፋ ከተማ ባሉ 10 መዋዕለ ሕፃናት ነው። በከፊሎቹ ልጁን ለመውሰድ የሚዘገይ ወላጅ መቀጮ እንዲከፍል ተደረገ። የሚዘገዩት በዙ፤ ወላጁ መቀጮውን እንደ ዋጋ ቆጠረው። መቀጮው ሲነሳም መዘግየቱ ወደ ድሮው አልወረደም።

በእኛ ቢሮና ፋብሪካ የጠላው ስም ብዙ ነው፤ ሰርቪስ፣ የምሳ ድጎማ፣ የሞባይል ካርድ፣ ለፋሲካ የሚሰጠው ዘይትና ዶሮ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 የውሎ አበልን፣ የመጓጓዣ አበልንና ጉርሻን ከደመወዝ ትርጉም ውጭ ያደርጋቸዋል። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው ደግሞ በደመወዙ ነው። ስለዚህ ደመወዝ በመጨመር ፈንታ ጥቅማ ጥቅም የሚሰጥ አሠሪ ለዓመታት አትራፊ ሆኖ ይቆያል፤ ሲቆርጠውም ብዙ ጊዜ በውል የያዘው ነገር የለም። ሰርቪሱ ከቀረ በኋላ ግን አያት ሰፈር የሚኖረው የሒሳብ ሠራተኛ 11 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩን ዘግቶ የታክሲ ሰልፍ ለመያዝ ይሮጣል። ድሮ ሰርቪሱ እስኪነሳ ያቺን የመጨረሻ ደብዳቤ ጨርሶ ነበር የሚወጣው። ደብዳቤዋ ነገ ትደርሳለች፤ አለቃውም «የዘንድሮ ሠራተኛ ስንፍና አበዛ» ይላል።

እኔን ከትልቁ አጫጅ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጠላ የማይጠጣው ጎረምሳ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ ሰርቪሱ ሰፈሩ አይደርስም፣ ምሳው ለጤናው አይስማማም። ጥቅሙ ሲቆረጥ አብሮ ማዘን አይጠበቅበትም፤ ድሮም የእሱ አልነበረም። ጥያቄው ግን የሁሉም ነው። በእንግሊዝ ንጉሣዊ የመርከብ መሥሪያዎች አናጺዎች የተራረፈ እንጨት ተሸክመው ወደ ቤት የመውሰድ የቆየ ልማድ ነበራቸው። ባሕር ኃይሉ ለብዙ ዓመታት በደንብና በበር ቁጥጥር ሊገታው ሞከረ፣ አልሆነለትም። በ1801 እ.ኤ.አ. ልማዱን ሲያስቀር በምትኩ ለመርከብ አናጺ በቀን 6 ፔንስ መክፈል ጀመረ። ያ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛ በመራራት የሚታወቅ አልነበረም፤ ግን ለጎረምሳው መልስ ሰጥቷል።

ሻዩን ወይም ሰርቪሱን ለመቁረጥ ደብተር የገለጣችሁ ኃላፊዎች ካላችሁ፣ ድንጋዩ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት መልሱን በወረቀት አስፍሩ፤ ስንት ብር እንደሆነ፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ ደመወዙ ላይ እንደሚጨመር። የሚጨመር ነገር ከሌለም እሱኑ ለሠራተኛው በግልጽ ንገሩት። «አንድ ቤተሰብ ነን» የምትለዋን ግን ተዉለት።