የሚነድፉልን ሰዎች ከማን ይማሩ?



በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች ተሸክመው ስላመጡት ሽባ የተጻፈውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስለ እምነትና ስለ ኃጢአት ስርየት በምናስተምርበት ጊዜ ሁሉ እንጠቅሰዋለን። ይሁን እንጂ ከታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቤቱ ነው። በሩ በሕዝብ ተጨናንቆ ስለ ነበረ በሽተኛው ሊገባ አልቻለም። በውስጥ የነበሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ቃሉን ሊሰሙ የመጡ ናቸው። ሆኖም መንገድ የተገኘው እነርሱ ዘወር ስላሉ ሳይሆን አራቱ ሰዎች ጣራውን ስለ ነደሉ ነው። የቤቱ ባለቤት ስለ ጣራው ምን እንዳለ ወንጌላዊው አልነገረንም፤ ለእኔ ግን ዝም ያለ አይመስለኝም።

ይህን ያነሣሁት ስለ አንድ የሕሊና ጥያቄ ለመነጋገር ነው። ቤታችንን፣ መንገዳችንን፣ ትምህርት ቤታችንንና ከተማችንን የሚነድፉ ሰዎች በሚሠለጥኑበት ተቋም ውስጥ ማን ይገባል? ማንስ ያስተምራል? በአንዳንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ኪነ ሕንፃን፣ የከተማ ፕላንንና የመልክዓ ምድር ንድፍን በአንድ ጥላ ሥር ሰብስበው «የአካባቢ ንድፍ» ብለው ይጠሩታል። ነገሩ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ይመስላል። አንድ መሐንዲስ ወዳጄ ይህንኑ ጥያቄ ባቀረብሁለት ጊዜ፣ «የብረቱ ውፍረትና የሲሚንቶው ልክ በነዳፊው ዘርና ጾታ አይለወጥም» ሲል መለሰልኝ። እውነቱን ነው፤ ምሰሶው አይለወጥም። የበሩ ደፍ ግን ይለወጣል። ደፉ ምን ያህል ከፍ ይበል፣ መጸዳጃው የት ይሁን፣ ሕፃናት የት ይጫወቱ፣ ጭሱ በየት ይውጣ የሚሉት ጥያቄዎች በሒሳብ ቀመር ብቻ የሚፈቱ አይደሉም። ደፍ አሰናክሎት የማያውቅ ሰውም ደፍን አያይም።

ጉዳዩን በሚገባ ለመረዳት የአንድ ሰው ሕይወት ይጠቅመናል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፖል ዊልያምስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በ1894 በሎስ አንጀለስ ከተማ ተወለደ፤ ገና በሕፃንነቱም አባትና እናቱን አጣ። በትምህርት ቤት ሳለ አርክቴክት ለመሆን እንደሚፈልግ ለመምህሩ ሲነግረው፣ መምህሩ ይህን ሐሳብ እንዲተው መከረው። ነጮች ለጥቁር ሥራ አይሰጡም፤ ጥቁሮች ደግሞ ቤት የሚያስነድፉበት ገንዘብ የላቸውም ማለቱ ነበር። መምህሩ ይህን ያለው በጥላቻ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም ልጁን ከኀዘን ለማዳን ብሎ ነው። እንዲህ ያለው ምክር ግን ስንቱን ልጅ በር ላይ እንዳስቀረ እግዚአብሔር ያውቃል።

ዊልያምስ ምክሩን አልተቀበለም። በ1923 የአሜሪካ የአርክቴክቶች ኢንስቲትዩት የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆነ፤ በዕድሜው ዘመን ከ2,000 በላይ ሕንፃዎችን ነደፈ። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን አንድ ልማዱ ነው። ነጭ ደንበኞቹ ከጥቁር ሰው አጠገብ መቀመጥ ሊከብዳቸው እንደሚችል ስለሚያውቅ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ሥዕሉን ወደ እነርሱ አዙሮ፣ ለራሱ ግን ተገልብጦ እየታየው መንደፍን ተማረ። ደንበኛው የቤቱ ሥዕል በፊቱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ እያየ ይደነቅ ነበር። ሕንፃ እየተሠራ ያለበትን ስፍራ ሲጎበኝም እጁን ለመጨበጥ የማይፈልግ ሰው እንዳያፍር ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞር ነበር። በ1937 በጻፈው ጽሑፍ ላይ፣ ቀን እጅግ ባማረ ሰፈር ለሚሠራ ታላቅ ቤት ንድፍ ሲያወጣ ውሎ፣ ማታ ቆዳው በማይከለክልበት ሰፈር ወዳለችው አነስተኛ ቤቱ እንደሚመለስ ገልጿል። በነደፋቸው ብዙ ሰፈሮች ውስጥ መኖር አይፈቀድለትም ነበርና።

ለእኛ ለካቶሊካውያን ከሥራዎቹ ሁሉ አንዱ ይበልጥ ቅርብ ነው። የማሮናይት ሥርዓት ካቶሊካዊ የነበረው ቀልደኛው ዳኒ ቶማስ በችግሩ ጊዜ ለቅዱስ ይሁዳ ታዴዎስ የተሳለውን ስእለት ለመፈጸም የሕፃናት ሆስፒታል ለማሠራት ተነሣ። በቺካጎው ካርዲናል ስትሪች ምክር ቦታው በቴነሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ ሆነ። ዊልያምስ ንድፉን ያለ ክፍያ አበረከተ። ሆስፒታሉ በየካቲት 1962 ሲከፈት፣ በዚያ የዘር መለያየት በጸናበት ምድር ጥቁሩም ነጩም ሕፃን በአንድ ጣራ ሥር ይታከም ጀመር። ተገልብጦ መሳልን የለመደ እጅ በር የማይመርጥ ቤት ነደፈ።

ታዲያ የዊልያምስ ታሪክ የአንድ ጀግና ታሪክ ሆኖ ቢቀር ለሕሊናችን ምቹ ይሆን ነበር። «የበረታ ሰው ይገባል» ብለን እንተኛለን። በሰኔ 1968 ግን ዊትኒ ያንግ የተባሉ የጥቁሮች መብት ተሟጋችና የናሽናል ኧርባን ሊግ መሪ፣ በፖርትላንድ ከተማ በተሰበሰቡት የአሜሪካ አርክቴክቶች ፊት ቆመው እንቅልፍ የሚነሣ ንግግር አደረጉ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ ገና ሦስት ወር አልሞላም ነበር። ያንግ አርክቴክቶቹን በሰብአዊ መብት ጉዳይ ዝም በማለታቸው ወቀሱ። ለድሆች ተብለው በተሠሩት ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች እየኖሩ በታች በኩል አንድ መጸዳጃ እንኳ አለመኖሩን፣ መጫወቻውም ለጥቂት ልጆች ብቻ የሚበቃ መሆኑን አንሥተው፣ ይህን የነደፈ ሰው እንዴት ሕሊናው ፈቀደለት ሲሉ ጠየቁ። ትምህርት ቤቶቹም በራቸውን ለጥቁር ተማሪዎች እንዲከፍቱ አሳሰቡ።

መጸዳጃው ነገሩን ሁሉ ይገልጸዋል። ነዳፊው ድሆችን ስለ ጠላ አልረሳውም፤ ከታች ሲጫወት ቆይቶ ተቻኩሎ አሥር ፎቅ የወጣ ልጅ በመንደፊያው ክፍል ውስጥ ስላልነበረ ረሳው። ከዚያ ንግግር በኋላ ለጥቁሮችና ለሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች ተማሪዎች የትምህርት ድጎማ ተቋቋመ፤ በ1971ም 12 ጥቁር አርክቴክቶች በዲትሮይት ተሰብስበው የራሳቸውን ብሔራዊ ድርጅት መሠረቱ። ፍሬው ግን አዝጋሚ ነው። ዛሬም ፈቃድ ካላቸው የአሜሪካ አርክቴክቶች መካከል ጥቁሮች 2 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ዊልያምስም የኢንስቲትዩቱን ታላቅ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው በ2017፣ ከሞተ ከ37 ዓመት በኋላ ነው።

መግባት አንድ ነገር ነው፤ መደመጥ ደግሞ ሌላ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ የአካባቢ ንድፍ ኮሌጅ የተመሠረተው በ1959 ነበር። በ1962 ኤድ ሮበርትስ የሚባል በፖሊዮ በሽታ ሽባ የሆነ ወጣት ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ገባ። ለመተንፈስ የሚረዳውን ከባድ የብረት መሣሪያ የሚያስተናግድ የተማሪዎች ማደሪያ ስላልተገኘ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ እንዲያድር ተደረገ። ስለ ሰው መኖሪያ በሚያስተምር ኮሌጅ ጎረቤት፣ አንድ ተማሪ ታማሚ ሳይሆን በሆስፒታል ይኖር ነበር ማለት ነው። ሮበርትስና ጓደኞቹ ዝም አላሉም። በእነርሱ ትግል የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ለተሽከርካሪ ወንበር እንዲመች ተዳፋት እየሆነ መሠራት ጀመረ። በዚያ ተዳፋት ዛሬ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናትም ዕቃ የሚገፋ ሠራተኛም ያልፋል።

ከዚህ በኋላ ሬይመንድ ሊፍሼዝ የተባሉ የዚያው ኮሌጅ መምህር አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አደረጉ። አካል ጉዳተኞችን ወደ ተማሪዎቻቸው የመንደፊያ ክፍል አስገቧቸው፤ ሊታዘንላቸው ወይም ሊጠኑ ሳይሆን ንድፉን አይተው ሊያርሙ ነው። ስለዚህ ልምድም በ1987 መጽሐፍ አሳትመዋል። ወጣቱ ተማሪ የሠራውን ንድፍ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው ዐይቶ «እኔ በዚህ በር አልፌ እንዴት እዞራለሁ?» ሲለው የሚማረውን፣ ስለ እኩልነት የሚሰጥ የአንድ ዓመት ሌክቸር አያስተምረውም።

ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ስንመለስ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ተግባር ባወጣው ድንጋጌ በቁጥር 8፣ በፍትሕ የሚገባውን ነገር የፍቅር ስጦታ አስመስለን እንዳናቀርብ ያስጠነቅቃል፤ የችግርን ውጤት ብቻ ሳይሆን መንሥኤውንም እንድናስወግድ ያዛል። በ2025 ያረፉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 በጻፉት «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተሰኘው መልእክታቸው በቁጥር 150፣ የንድፍ ውበት ብቻውን እንደማይበቃና በከተማ ፕላን ሥራ የነዋሪዎቹ አስተያየት ምንጊዜም ግምት ውስጥ ሊገባ እንደሚገባ አስተምረዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አለ፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሌላው ወድቆ እንዳይሞት ለጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል። ሕጉ ለወደቀው ሰው «ለምን አልተጠነቀቅህም?» አይልም፤ ደሙን የሚጠይቀው ከባለ ቤቱ ነው።

በአገራችንም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለብዙ ቤተሰብ ጥላ ሆነዋል፤ ከዕጣውም 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን መደረጉ የሚመሰገን ነው። ነዳፊዎቹም ባህላችንን አልረሱም፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት ከብሎኮቹ አጠገብ ሠርተዋል። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ግን ሊጡን ከአራተኛ ፎቅ አውርዶ እንጀራውን መልሶ የሚያወጣው ማን ነው? በብዙ ቦታ የጋራው ቤት ለሌላ አገልግሎት ውሎ እናቶች በየቤታቸው ይጋግራሉ። በዚያው ሕንፃ ሥራ ላይ በቀን ሙያ ባሬላ ይዘው አሸዋና ድንጋይ ወደ ላይ ሲያመላልሱ የዋሉ ሴቶች የደረጃውን ድካም ከማንም በላይ ያውቁታል። በመንደፊያው ክፍል ለአንድ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጡ ለተማሪዎቹ የሚነግሯቸው ብዙ ነበር። በ2009 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። ሕጉ መልካም ነው፤ ግን የሕጉን ምክንያት ፊት ለፊት ያላየ ነዳፊ ተዳፋቱን ሠርቶ በመጨረሻው ላይ አንድ ደረጃ ሊጨምርበት ይችላል። እንዲህ ያለ መግቢያ በዐይኔ አይቻለሁ።

በሌሎች ላይ ብቻ እንዳልፈርድ የራሴንም ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ቁምስና የጸሎት ቤቱን ለማስፋት በተቋቋመ ኮሚቴ ውስጥ ነበርሁ። ስድስት ነበርን፤ ሁላችንም ወንዶች። ለቤተ እግዚአብሔር ክብር ይሆናል ብለን ወለሉን ከፍ አድርገን ሰባት ደረጃ አሠራን። ሕንፃው በተባረከበት ዕለት ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት አረጋዊት ምርኩዛቸውን ይዘው ከዋንዛው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ካህኑ ቅዱስ ቁርባንን ይዘው ወርደው አቆረቧቸው። እኛም በካህኑ ትሕትና እጅግ ተደሰትን፤ ስለዚህ ፍቅር ብዙ ተናገርን። ከቅዳሴ በኋላ ቀርቤ፣ «እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ቤታችን አማረ» አልኋቸው።

«አማረ ልጄ» አሉኝ። «የድሮው በር እኮ ከመሬት እኩል ነበር። ድንጋዩን ያመላለስነው እኛ ነን፤ ያን ጊዜም ቄሱ ለአሮጊቶች ይመቻል ብለው ነው እንዲያ ያሠሩት። ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር።»

ቁርባኑን ወደ እርሳቸው ማውረዳችን ፍቅር ነበር፤ ነገር ግን በገዛ እጃችን የነሣናቸውን በር የሚተካ አልነበረም። ከማኅበረ ምእመናን መካከል ተነሥተው ብቻቸውን በዛፍ ሥር መቀመጣቸው ለእኛ የቸርነት ሥዕል መስሎ ታየን።

ዘንድሮ ኮሚቴው እንደ ገና ተሰብስቧል፤ አሁን ሦስት ሴቶች አሉበት፤ አረጋዊቷም አንዷ ናቸው። ሰባቱ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር ስለሆኑ ከፍታው 105 ሳንቲ ሜትር ነው። ተሽከርካሪ ወንበር እንዲወጣ ለአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ስለሚያስፈልግ መወጣጫው ቢያንስ 12 ሜትር ከ60 ይሆናል። የትምህርተ ክርስቶስ ልጆች በገመድ ሲለኩት በቀጥታ ከሄደ ደወሉ ከተሰቀለበት ስፍራ ይደርሳል፤ ስለዚህ በጎን መታጠፍ አለበት። እኛ በደቡብ በኩል ይሁን ብለን ነበር። እማማ ግን በክረምት ጎርፉ የሚወርደው በዚያ በኩል መሆኑን አሳዩን፤ ሠላሳ ዓመት ያየነውን ውኃ ከእኛ ማንም አላስተዋለውም ነበር። መወጣጫው በሰሜን በኩል ይሠራል፤ ድንጋይ ማመላለሱም ከመስቀል በኋላ ይጀመራል።