ኃጢአቱ የማን ነው?

በጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ነርስ ነኝ፤ አስቀድሳለሁ፣ እጾማለሁ። ያላገባች የ17 ዓመት ልጅ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሸፍና «ሲስተር፣ እናቴ እንዳትሰማብኝ» ስትለኝ፣ የኃጢአት ተባባሪ ነኝ ወይ ብዬ እጨነቃለሁ።

ንስሐዋ የነፍስ አባቷ ጉዳይ ነው። የእኔ ድርሻ እውነቱን መንገር ነው፦ ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበረው፣ የክብሪት እንጨት የሚያህለው ኢምፕላኖን ለ3 ዓመት፣ መርፌው ለ3 ወር ይከላከላል፤ ድንገተኛ መከላከያው ፖስትፒል ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ በተወሰደ ቁጥር የተሻለ ነው። ከኤችአይቪ የሚጠብቃት ግን ኮንዶም እንጂ ከእነዚህ አንዱም አይደለም።

ዝም ብዬ ብሸኛት ከኃጢአት አላድናትም፤ እውቀት ብቻ እነፍጋታለሁ። ዝምታዬም በእግዚአብሔር ፊት ያስጠይቀኛል።

አባቶቼ፣ ንጽሕናን አስተምሯቸው፤ ወደ እኛ እንዳይመጡ ግን አታስፈራሩብን።