ሳትለዪ አትቁጠሪ

ልጄ፣ ለጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስም የሚፈልግ ፕሮግራም ልትሠሪ መነሳትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ታማ የመጣች እናት በፊደል ምክንያት «መዝገብ ላይ የለሽም» ስትባል ግን ያንገበግባል። ስለዚህ መሠረቱን ሳትይዢ ኮድ ለመጻፍ አትሩጪ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

በመጀመሪያ ሁለት ሐሳቦችን፣ ፈዚ ሎጂክንና የሌቨንሽታይን ርቀትን፣ ለይተሽ ያዢ። የሁለቱም መነሻ ጽሑፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ባኩ ተወልዶ በርክሌይ ያስተምር የነበረው ሎትፊ ዛዴ፣ ነገር ሁሉ «ነው» ወይም «አይደለም» ብቻ እንዳይደለ በሒሳብ አሳየ። ለብ ያለ ውሃ ሙቅ ነው ወይስ ቀዝቃዛ? በእሱ ፈዚ ሎጂክ ሙቅነቱ ከ0 እስከ 1 ባለው መካከል፣ ለምሳሌ 0.4፣ ተብሎ ይመዘናል። ሶቪየታዊው ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን ደግሞ የኮድ ስህተት ስለማረም ሲያጠና፣ አንዱን ጽሑፍ ወደ ሌላው ለመለወጥ ስንት ጊዜ መጨመር፣ መቀነስ ወይም መተካት እንደሚያስፈልግ የሚቆጥር መለኪያ አስገኘ። የዛዴው ደረጃ ይሰጣል፤ የሌቨንሽታይኑ ርቀት ይቆጥራል።

እስቲ በወረቀት ላይ ቁጠሪ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ስም ናቸው፤ ርቀታቸው ግን 2 ነው። «አበበ» እና «አበራ» የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ርቀታቸው 1 ብቻ። ቁጥሩን እንዳለ ካመንሽው የአበራን ካርድ ለአበበ ሰጥተሽ፣ ፀሐይን «የለሽም» ብለሽ ትመልሻታለሽ። ስለዚህ ከመቁጠርሽ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ወደ አንድ አምጫቸው። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም በድምፅ አንድ መሆናቸውን አትርሺ።

ቀጥለሽ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ተነባቢና አናባቢ ክፈይው። ያን ጊዜ «ሙሉጌታ» እና «ሙልጌታ» በአንድ አናባቢ ብቻ ይለያያሉ፤ «አበበ» እና «አበራ» ግን በተነባቢም በአናባቢም ስለሚለያዩ ርቀታቸው 2 ይሆናል። የሚቀራረበው ቀረበ፣ የሚራራቀው ራቀ ማለት ነው።

ሁለት ስሞችን አንድ ናቸው ብሎ የመቀበያውን የርቀት ልክ በግምት አታስቀምጪ፤ አንድ መሆናቸው ወይም አለመሆናቸው በተረጋገጠ የስም ጥንዶች ፈትኚው። መጥኖ መደቆስ ድሮ ነበር እንጂ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ልኩን ካላላሽው የሰው መድኃኒት ለሌላ ሰው ይታዘዛል፤ ካጠበቅሽው ታካሚዋ ካርዷን ታጣለች።

በመጨረሻም ኮምፒውተሩ የሚቀራረቡትን ስሞች በደረጃ ይደርድር እንጂ አይፍረድ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የአባት ስምና ዕድሜ ጠይቆ ያረጋግጥ። ፈጣሪ ጥበቡን ይግለጽልሽ።