ቀሚሱ፣ ማሰሪያውና የጣራው መከታ



የወጣቶች ጉዞ ሲታሰብ የመኪናው ኪራይና የምሳው ጉዳይ በአንድ ስብሰባ ያልቃል። ሁለትና ሦስት ስብሰባ የሚፈጀው “ምን ለብሰን እንሂድ?” የሚለው ጥያቄ ነው። አምቦ ለምንኖር ሰዎች ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። የፍልውሃው መዋኛ በደጃችን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይመጣበታል። በወሊሶ መንገድ ወደ ደቡብ ስንወጣ ወንጪን እናገኛለን፤ እዚያ ወደ ሐይቁ በፈረስ ይወረዳል፣ ውኃው በጀልባ ይታለፋል። ከጉደር፣ ከጌዶና ከጊንጪ የሚነሡ የወጣት ኅብረቶችም ወደ እነዚሁ ስፍራዎች ይመጣሉ። አዲስ አበባ የሚዘልቁት ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው እንጦጦ ፓርክ ወገባቸውንና ጭናቸውን ታስረው በዚፕላይን ገመድ ላይ ይንሸራተታሉ።

ከአውሮፕላን በፓራሹት መዝለል በአገራችን ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰን የአየር ወለድ ወታደር ነው። በሌሎች አገሮች ግን ማንም ሰው ከፍሎ የሚዘልልበት መዝናኛ ከሆነ ቆይቷል። ቪዲዮውን በየስልካችሁ አይታችሁታል። ዛሬ ከእነዚህ የዝላይ ማእከሎች ደንብ ተነሥቼ ስለ ራሳችን ደንብ ላነጋግራችሁ እወዳለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ስለ አለባበስና ስለ ጠባይ ደንብ ስናወጣ የምናወጣው ለማን ብለን ነው?

የዝላይ ማእከሎቹ ደንብ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘልል ሰው ብቻውን አይለቀቅም። ከሠለጠነ ዘላይ ደረት ጋር ታስሮ፣ ከምድር ከ3,000 እስከ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሁለቱ አብረው ይወጣሉ። ፓራሹቱ እስኪከፈት ድረስ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይወርዳሉ። ማሰሪያው በትከሻ፣ በደረትና በሁለቱም ጭኖች ዙሪያ ይጠብቃል።

ስለዚህ የአለባበሱ ደንብ ግልጽ ነው። ቀሚስ አይሆንም፤ ማሰሪያው በጭን መካከል ያልፋልና። የአንገት ልብስ፣ የአንገት ሐብልና የጆሮ ጌጥ ይወልቃሉ፤ በነፋሱ ይያዛሉና። ጫማው የተሸፈነና በክር የታሰረ ይሁን። የጠጣ ሰው አውሮፕላኑ ላይ አይወጣም። የአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር ደግሞ እንዲህ ታስሮ የሚዘልል ሰው ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው እንዲሆን ይጠይቃል።

ከነዚህ ጋር ሌላ ዓይነት ደንብ የሚጨምሩ ማእከሎች አሉ። ወንዶች ሸሚዛችሁን አታውልቁ፤ አትሳደቡ፤ የብልግና ቀልድ ይቅር፤ ልጆች ባሉበት መጠጥ አይከፈት። የዚህ መነሻ ይታወቃል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስፖርቱን ካስፋፉት መካከል ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወጣት ወንዶች ብዙ ነበሩበት። የዕለቱ ዝላይ ሲያበቃ ቢራ ይከፈታል፤ ቀልዱም የወታደር ሰፈር ቀልድ ነው፤ መቶኛ ዝላዩን ልብስ ሳይለብስ የሚያከብርም ነበር። በኋላ ግን እናት ለመዝለል መጣች፤ ልጆቿ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ወደ ሰማይ አንጋጠው ይጠብቋታል። አያትም ሊያይ መጣ። አንዳንድ ማእከሎች ይህን አይተው ደንባቸውን ለወጡ።

“ይህማ ለገንዘብ ነው፤ ቤተሰብ ሲመጣ ገቢው ይጨምራል” የሚል ይኖራል። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ነጋዴ ለገበያው ሲል ያየውን ልጅ፣ እኛ ለፍቅር ሲባል ሳናየው ከቀረን የምናፍረው እኛ ነን።

ሦስት ቁጥር ወረድ ብላችሁ አንብቡ

ስለ ሱሪና ስለ ቀሚስ ክርክር ሲነሣ የሚጠቀሰው ዘዳግም 22፥5 ነው። ሦስት ቁጥር ወረድ ብሎ ስላለው ሕግ ግን ሲሰበክ እምብዛም አንሰማም። ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይሞትበት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። በዚያ ዘመን ጣራ ሜዳ ነበር፤ ሰው ይቀመጥበታል፣ ይተኛበታል። ጴጥሮስም የጸለየው ጣራ ላይ ወጥቶ ነው (ሐዋ. 10፥9)።

እግዚአብሔር የልብሱን ትእዛዝና የመከታውን ትእዛዝ በአንድ ምዕራፍ አስቀምጧቸዋል። ስለ መከታው ሦስት ነገር አስተውሉ።

አንደኛ፣ ትእዛዙ የተሰጠው ለባለቤቱ ነው። “እንግዳ ሆይ፣ ተጠንቀቅ” አይልም። ጠርዙ የት እንዳለ የሚያውቀው፣ ሥልጣኑም ያለው ሰው ነው የታዘዘው። ሁለተኛ፣ መከታ ሰውን ከጣራው አያግድም፤ ሰው ሳይፈራ ጣራ ላይ እንዲወጣ ያደርጋል። ሦስተኛ፣ ምክንያቱ አብሮት ተነግሯል፤ ሰው እንዳይወድቅ ነው።

እንግዲህ የማንኛውንም ደንብ መልካምነት በእነዚህ ሦስቱ መመዘን እንችላለን። ቀድሞ የሚያስረው ብርቱውን ነው ወይስ ደካማውን? ሰውን ያስገባል ወይስ ያስቀራል? ምክንያቱስ ይነገራል?

ቀሚስ ነውር የሚሆንበት ቦታ

አንድ ጊዜ የወንጪ ጉዞ ሲዘጋጅ እህቶች ሁሉ ቀሚስ እንዲለብሱ ሐሳብ ቀረበ። ከመካከላቸው አንዷ እጇን አውጥታ “ፈረስ ላይ ስወጣ ነፋስ ቀሚሴን ከሚገልጠው፣ ሰፊ ሱሪ ብለብስ ነው ነውሩ?” ብላ ጠየቀች። ቤቱ ጸጥ አለ። ጥያቄዋ ግን ትክክል ነበር።

በጉባኤ ወንበር ላይ ጨዋ የሆነው ልብስ በኮርቻ ላይ ጨዋ ላይሆን ይችላል። በዚፕላይን ማሰሪያ ውስጥ ቀሚስ ይሰበሰባል፤ በውኃ ውስጥ ሰፊ ነጠላ ሰውን ይጎትታል። ጨዋነት የአንድ ልብስ ስም ቢሆን ኖሮ የትም ቦታ አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። ጨዋነት ግን አሳብ ነው፤ ለራስም ለባልንጀራም ክብር መጠንቀቅ ነው። ይህ ጥንቃቄ ቦታውን ያያል፣ ሥራውን ያያል፣ ከዚያ ልብሱን ይመርጣል።

ጳውሎስም በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥9 ስለ ሴቶች አለባበስ ሲጽፍ ያነሣው ወርቅን፣ ዕንቁንና ዋጋው ውድ የሆነ ልብስን ነው። ሀብትን ለማሳየት መልበስም ከጨዋነት ያወጣል ማለት ነው። በጉዞ ዋዜማ የቀሚስ ርዝመት ሲለካ አይተናል። የወንድሞች ጫማ ዋጋ ሲጠየቅ ግን ማን ሰማ? ያ ጫማ ሌላውን ወንድም አሳፍሮ ከጉዞ ሊያስቀረው ይችላል።

ደንቡን ስንጽፍም እንጠንቀቅ። “ጨዋ ልብስ ይለበስ” ብቻ ብለን ካቆምን ዳኝነቱን በር ላይ ለቆመው ሰው ዓይን ሰጠነው። ያን ጊዜ ያው ታይትና ያው ሸሚዝ በቀጭኗ እህት ላይ ያልፋል፤ ሞላ ያለችውን ግን “ይሄማ አይሆንም” ብለን እንመልሳታለን። ልብሱ አንድ ነው፤ የተፈረደው በሰውነቷ ላይ ነው። ያን ሰውነት ደግሞ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። ስለዚህ ደንቡ ልብሱን በግልጽ ይናገር፤ “ከጉልበት በታች የሚደርስ፣ ለፈረስ የሚመች ሱሪ” ይበል። እንዲህ ከተጻፈ ለሁሉም እኩል ነው።

ይሉኝታ የማይደርስበት

ይሉኝታ ከስሙ እንደምንረዳው “ምን ይሉኛል?” የሚል ጥያቄ ነው። ጥቅም የለውም አልልም፤ ብዙ ነውር ከልክሏል። ችግሩ የሚሠራው የሚያውቀን ሰው ባለበት ብቻ መሆኑ ነው። አምቦ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ወጣት፣ ማንም የማያውቀው ከተማ ሲደርስ ሌላ ሰው ከሆነ፣ ይጠብቀው የነበረው ይሉኝታ ነው።

የኦሮሞ አባቶች “ሰፉ” የሚሉት ከዚህ ይጠልቃል። በታላቅና በታናሽ፣ በሰውና በፍጥረት መካከል ሊጠበቅ የሚገባውን ክብር ይመለከታል፤ ያየ ቢኖርም ባይኖርም ሰፉ ሰፉ ነው። ወንጌል ደግሞ ሥሩን ያሳየናል፦ ባልንጀራህ ክርስቶስ የሞተለት ነውና አክብረው። መዋኛው ዳር ልጁን ይዞ የተቀመጠው አባት አያውቀንም፤ ምናልባት ነገ አናገኘውም። ድምፃችንን ዝቅ የምናደርገውና ቀልዳችንን የምንመርጠው ግን ለእርሱና ለልጁ ብለን ነው።

ደንቡ ሲነበብ ማን ይሰማል?

አብዛኛው የአለባበስ ምክር ለእህቶች ይነገራል። ወንድሞች በዚያ ሰዓት ወንበር ሲያነሡ ይገኛሉ። ጌታ ኢየሱስ በማቴዎስ 5፥28 ስለ ምኞት ሲናገር ግን የተናገረው ለሚመለከተው ሰው ነው፤ በተመልካቿ ሴት ላይ ሸክም አልጫነም። ቀጥሎም ስለ ዓይን የተናገረው ቃል የባለ ዓይኑ ኃላፊነት እንደ ሆነ ያሳያል።

ወደ ዝላዩ ማእከል እንመለስ። የአንዲትን ወጣት ማሰሪያ የሚያጠብቀው የማታውቀው ሰው ነው። ጥሩ አሠልጣኝ ሳይናገር አይነካትም፤ “አሁን የጭኑን ማሰሪያ ላጠብቅ ነው” ብሎ ፈቃዷን ይጠብቃል። እርሱ ሙያውን ያውቃል፣ እርሷ ግን ፈርታለች፤ ሥልጣኑ በእጁ ነው። መከታውን የሚሠራው እርሱ ነው ማለት ነው። በእኛስ ጉዞ እህትን ወደ ፈረስ የሚያወጣው ማን ነው? ዋና የሚያስተምረውስ? አስቀድሞ ይጠይቃል ወይስ “እኛ ወንድማማቾች ነን” ብሎ ያልፋል? እህት ለእህት እንድትረዳ ማደራጀት የሚያስቸግር ነገር አይደለም።

ስልክም አለ። ኖኅ ሰክሮ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ ካም አይቶ ወጥቶ ተናገረ፤ ሴምና ያፌት ግን ፊታቸውን አዙረው ወደ ኋላ ሄደው አባታቸውን አለበሱት (ዘፍ. 9፥22–23)። ያን ቀን የጠፋው ልብስ የአባትየው ነበር፤ የጠባይ ፈተናው ግን የልጆቹ ነበር። ዛሬ እህታችን ከፈረስ ስትወድቅ ወይም ከውኃ ስትወጣ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ የሚለቅ ወንድም የካምን ሥራ ሠርቷል። ፊቱን አዙሮ ፎጣ የሚያቀብላት የሴምና የያፌት ወንድም ነው።

“ግን ነጻ ወጥተን የለ?”

አዎ፣ ነጻ ወጥተናል። ደንብም ምኞትን አይፈውስም፤ ቆላስይስ 2፥20–23 ይህን በግልጽ ያስተምራል። ሸሚዙን የለበሰ ሁሉ ልቡ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። መከታም ቢሆን የሰውን እግር ከመንሸራተት አያድንም፤ የተንሸራተተው እንዳይሞት ግን ያደርጋል። ከደንብ የምንጠብቀው ይህን ያህል ነው። ነጻነታችንም የራሳችንን ብቻ የምንፈልግበት አልሆነም፤ የሌላውን ጥቅም እንድንፈልግ ታዘናል (1 ቆሮ. 10፥23–24)።

ከወዲህም ደግሞ “እንዲህ ያለ መዝናኛ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው፤ ቤታችሁ ተቀመጡ” የሚሉን አሉ። ጌታ ከመቅደሱ ጫፍ ለመዝለል እምቢ ያለው አባቱን በተአምር ለመፈተን ስላልወደደ ነው (ማቴ. 4፥5–7)። ማሰሪያውን አጥብቆ፣ የታዘዘውን ሰምቶ የሚወጣ ሰው ተአምር አልጠየቀም። ጥንቃቄን ንቆ “ጌታ ይጠብቀኛል” የሚለው ግን ያን ፈተና በገዛ እጁ ይጠራል።

የሚቀጥለው ጉዞ

እንግዲህ የሚቀጥለውን ጉዞ ስታዘጋጁ እንዲህ አድርጉ። ደንቡን ወንድሞችና እህቶች አብረው ይጻፉት። የመጀመሪያው መስመር ለመሪዎች ይሁን፣ ሁለተኛው ለወንድሞች። በእያንዳንዱ ደንብ አጠገብ ምክንያቱን ጻፉ፤ ምክንያት ያጣችሁለትን ሰርዙት። ከዚያ ሁላችሁ ባላችሁበት ይነበብ።

ሌላም አለ። “የምለብሰው የለኝም” ብላ አፍራ ከጉዞ የምትቀር እህት በየኅብረቱ አለች። የዋና ልብስ ወይም ለፈረስ የሚሆን ሱሪ መግዛት ለሁሉም ቤት ቀላል አይደለም። ደንብ አውጥታችሁ ልብሱን ካላፈላለጋችሁላት መከታ አልሠራችሁም፤ የጣራውን መሰላል ነው የወሰዳችሁባት። ሁለት ትርፍ ሱሪ በከረጢት ያዙ፤ ማን እንደ ለበሰውም አትጠይቁ።

ለውይይት

1. በኅብረታችሁ ካሉት የአለባበስ ደንቦች ምክንያቱን ልትናገሩ የማትችሉት የትኛው ነው?
2. ባለፈው ጉዞ ያልመጡት እነማን ነበሩ? ለምን ቀሩ?
3. ወንድሞች ሆይ፣ በጠባይ ደንቡ ላይ እናንተን የሚያስሩ ሦስት መስመሮች ብትጽፉ ምን ትጽፋላችሁ?